የወለቃ እጅ፣ የሙኒክ እግር

ሁለት ሰከንድ በማራቶን አስፋልት ላይ ሲለካ አስራ አንድ፣ ቢበዛ አስራ ሁለት ሜትር ነው። ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ሙኒክ ላይ በተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮና ማሩ ተፈሪ ወርቁን ያጣው በዚህች ርቀት ነው። ጀርመናዊው ሪቻርድ ሪንገር በአገሩ ሰው ጩኸት ታጅቦ መጨረሻው ላይ አልፎት በ2:10:21 ገባ። ማሩ 2:10:23። ስድስት ሰከንድ ቆይቶ ጋሻው አየለ በ2:10:29 ሦስተኛ ሆነ። ማሩና ጋሻው የለበሱት የእስራኤልን መለያ ነው፤ ሁለቱም የተወለዱት ግን ኢትዮጵያ ነው።

ስለ ሪንገር አጨራረስ ብዙ ተወራ፤ ይገባዋልም። ከእሱ በፊት በአውሮፓ ሻምፒዮና የወንዶችን ማራቶን ያሸነፈ ጀርመናዊ አልነበረም። አጨራረስ ደግሞ ለማንም ይታያል፤ ሩጫ የማያውቅ ሰው እንኳ ከመቀመጫው ያስነሳዋል። እኔ ደጋግሜ የማየው ከአስራ ሁለቷ ሜትር በፊት ያለውን ነው። ሥራው ያለው እዚያ ነው፤ እሱን ለማየት ግን ትንሽ የለመደ ዓይን ይፈልጋል።

ማሩ በዚያ ቀን እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ በ3 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ገደማ ሮጦታል። ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ በበርሊንና በዱባይ ከዚህ ፈጥነው የሚሮጡ ሞልተዋል። በእነዚያ ከተሞች ግን በገንዘብ የተቀጠሩ አሯሯጮች ከፊት ሆነው ነፋሱን ይከላከላሉ፣ ፍጥነቱንም ልክ እንደ ሰዓት ይጠብቃሉ። በሻምፒዮና አሯሯጭ የለም። ወሩ ነሐሴ ነው፣ ፀሐዩ የአውሮፓ የበጋ ፀሐይ ነው፣ እያንዳንዱም ሯጭ የጎረቤቱን ትንፋሽ እያዳመጠ ነው። ዙሩ ይላላል፤ ወዲያው ደግሞ አንዱ ከመሃል ይፈተለክና የኛ የስፖርት ጋዜጠኞች እንደሚሉት ዙሩ ይከርራል። ባለሙያውና ጀማሪው የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። ጀማሪው ክፍተቱን ባየበት ቅጽበት በሃምሳ ሜትር ውስጥ ሊዘጋው ይሮጣል፤ ዋጋውን በ35ኛው ኪሎ ሜትር ይከፍላል። ባለሙያው የተከፈተውን አስር ሜትር አይቶ እንዳላየ ይሆናል። እርምጃውን በዓይን በማይያዝ መጠን ብቻ ይጨምርና በአራት መቶ፣ በአምስት መቶ ሜትር ውስጥ እዚያው ቦታው ላይ ይገኛል። ሲደርስ አታየውም፤ ደርሶ ነው የምታየው።

ከዚህም የሚያንሱ፣ ቴሌቪዥን የማያወራላቸው ነገሮች አሉ። የማራቶን መንገድ የሚለካው በኩርባው ውስጠኛ ጠርዝ በኩል ባለው አጭር መስመር ነው፤ ኩርባውን በውጭ በኩል የዞረ ሁሉ ከ42.195 በላይ ይሮጣል። በየ5 ኪሎ ሜትሩ የውሃ ጠረጴዛ አለ፤ የራስን ጠርሙስ ከብዙ ጠርሙሶች መሃል ለይቶ፣ እርምጃ ሳያበላሹ፣ ከኋላ የሚመጣውን ሳያደናቅፉ ማንሳት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ትከሻ ወደ ጆሮ መውጣት ሲጀምር ድካም ከእግር ወደ አንገት መድረሱን ይናገራል። እጅ ከደረት ፊት ግራ ቀኝ መወዛወዝ ሲጀምር ወደፊት መሄድ የነበረበት ጉልበት ወደ ጎን እየፈሰሰ ነው። ማራቶንን በድምፅ ብቻ ማየት ቢቻል እንኳ የደከመው ሰው በጫማው ይታወቃል፤ ኮቴው ይከብዳል።

ሙኒክ ላይ አንድ ሌላ ሂሳብም ነበር። ከግለሰቡ ውጤት ጎን የቡድን ውጤት ይቆጠራል፤ የአንድ አገር የሦስቱ ፈጣን ሯጮች ሰዓት ይደመራል። እስራኤል በቡድን ወርቅ ወሰደች። ብሩና ነሐሱ የማሩና የጋሻው ናቸው፤ ወርቁን የወሰነው ግን ከኋላቸው የመጣው ሦስተኛው ሰው ነው። ሦስተኛ ሰው ከሌለ የሁለቱ ሰዓት ተደምሮ ምንም አይሆንም። ለምስል የማይመች፣ ማንም የማያጨበጭብለት ሰው የሚሠራው ሥራ በሰከንድ ተቆጥሮ የሚገባበት ውድድር ብዙ የለም። ከዚያ 50 ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ፣ ያችው ከተማ ባስተናገደችው የ1972 (እ.ኤ.አ.) ኦሊምፒክ፣ 11 እስራኤላውያን ተገድለዋል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የእስራኤልን ባንዲራ ወደ መድረኩ ያወጡት ከኢትዮጵያ ደጋ የሄዱ ልጆች ናቸው።

ይህን የመሰለ ሥራ ሳይ ሐሳቤ ወደ ወለቃ ይሄዳል። ማሩ ወይም ጋሻው ከወለቃ ናቸው ማለቴ አይደለም። ወለቃ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ የሚገኝ የቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ መንደር ነበር። ዛሬ ባለቤቶቹ ሄደዋል፤ በመንገዱ ዳር የዳዊት ኮከብ የተሳለባቸው ጎጆዎችና ለጎብኚ የሚሸጡ ትንንሽ የሸክላ አንበሶች ቀርተዋል። እኔን የሚይዘኝ ከአንበሶቹ በፊት የነበረው ሥራ ነው። ሸክላ ሠሪዋ መሽከርከሪያ የላትም። ጭቃውን በእጇ አድቦልብላ፣ እያዞረች፣ ከታች ወደ ላይ ግድግዳውን ታቆማለች፤ ክቡን የሚያወጣው በእንስራው ዙሪያ የሚመላለሰው የራሷ እጅ ነው። በለስላሳ ጠጠር ትወለውለዋለች። አድርቃ በኩበትና በጭራሮ እሳት ትተኩሰዋለች። ገዢው ገበያ ላይ ጀበናውን በጣቱ አንጓ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ይሰማል፤ ድምፁ ከታፈነ ስንጥቅ አለበት። ያቺ ሴት ስንቱን ጀበና በዓይኗ ብቻ እኩል ውፍረት ላይ እንዳቆመችው የሚቆጥርላት አልነበረም።

ቀጥቃጩም እንዲሁ ነው። ወናፉ ይነፋል፣ ከሰሉ ይግማል፣ ብረቱ በጉጠት ተይዞ ይወጣል። የብረቱን ሙቀት የሚለካለት መሣሪያ የለም፤ በቀለሙ ነው የሚያውቀው። ከበረደ አይታዘዝም፣ ከነደደ ይበላሻል። ማረሻ ሲሠራ አፉ ድንጋያማውን የሰሜን መሬት ሲነካ እንዳይታጠፍ መጠንከር አለበት፤ ከልክ በላይ ከጠነከረ ደግሞ ይሰበራል። ወገሉ ማረሻውን ከድግሩ ጋር አጥብቆ መያዝ አለበት፤ በጣት ስፋት ከላላ በሬው ይደክማል፣ ገበሬው ይራገማል። ገበሬ ጥሩ ማረሻን አያመሰግንም፤ መጥፎውን ብቻ ነው የሚያነሳው። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ምድጃው ይጠፋል፤ ሰንበት ነው፣ እሳት አይነካም። ሰኔ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ የአገሩ ገበሬ ሁሉ ማረሻዬን ሳልልኝ እያለ ሲጎተጉት ምድጃን አጥፍቶ መቀመጥም ቀላል አልነበረም።

ይህ ሙያ በምርጫ የተያዘ አይደለም። ቤተ እስራኤሎች ከክርስቲያን ነገሥታት ጋር ለረጅም ዘመን ተዋግተዋል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ይስሐቅ፣ ኋላም በ17ኛው መጀመሪያ በሰሜን ተራሮች ውስጥ በአፄ ሱስንዮስ ጦር ተሸንፈዋል። ሽንፈቱ ርስታቸውን አሳጣቸው። ርስት የሌለው ሰው በሰው መሬት ላይ ያርሳል፤ ያም ካልበቃው እጁን ይሸጣል። አፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ካደረጓት በኋላ እነዚያው እጆች ድንጋይ ጠረቡ፣ እንጨት አለዘቡ፣ ብረት ቀጠቀጡ። የከተማዋን ግንብ ያነሱት ከውጭ የመጡ ጠቢባን ብቻ እንዳልነበሩ፣ ቤተ እስራኤላውያን ግንበኞችና አናጢዎችም በሥራው እንደነበሩ የታሪክ ምሁራን ጽፈዋል። ዛሬ ፋሲል ግቢን የሚያስጎበኝ ሰው ስለ ፖርቹጋሎችና ስለ ሕንዶች እጅ ሲተርክ ብትሰሙት ይህኛውን እጅ ጠይቁት።

በ1668 (እ.ኤ.አ.)፣ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎች ከክርስቲያኖች ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲኖሩ በጉባኤ ተወሰነ። ጎንደር ውስጥ ካይላ ሜዳ የሚባለው ሰፈር የዚያ መለያየት ምልክት ነው። ግንቡን የሠራ ሰው ከግንቡ አጠገብ እንዳይኖር ማለት ነው። የቀጥቃጩ ሥራ በበዛ ቁጥር ደግሞ ወሬው በዛ፦ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል። ልጅ ሲታመም የማረሻው ባለሙያ ይታማል። ፍትሐዊ ለመሆን ቤተ እስራኤሎችም ከሌላው ጋር መነካካትን በራሳቸው የንጽህና ሥርዓት ይከለክሉ ነበር፤ ከገበያ ሲመለሱ ይታጠባሉ፣ የሌላውን ምግብ አይበሉም። ርቀቱ ከሁለት ወገን ነው። ሁለቱን እኩል የሚያደርገው ግን ምንም የለም። አንደኛው ርቀት ሃይማኖት ነው፤ ሁለተኛው ሰውን ሊያስደበድብ፣ ሊያስገድል ይችል ነበር።

እንግዲህ ጥሩ ሥራ ብቻውን ሰውን እንደሚያስከብር ለጎንደር ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ጎንደር ለዘመናት ተቃራኒውን አይታለች። በቀጥቃጩ እጅ የተሠራውን ማረሻ ተቀብለን እጁን ሸሽተናል። ጥሩ ሥራ ሰውን ያስከብራል ወይ የሚለውን ጥያቄ የቤተ እስራኤሎች የልጅ ልጆች በሌላ አገር፣ በሌላ ሙያ ነው የደገሙት፤ መልሱ ደግሞ ከኛው መልስ ያን ያህል የራቀ አይደለም።

ቤተ እስራኤሎች በሱዳን በኩል በእግር ሄደው፣ ብዙዎች በመንገድና በመጠለያ ሞተው፣ በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ወደ 8 ሺህ የሚጠጉ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሊወድቅ ቀናት ሲቀሩት ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ገደማ 14 ሺህ ያህል ሰው ተጓጓዘ። ዛሬ በእስራኤል ከ160 ሺህ በላይ የኢትዮጵያ ተወላጆችና ልጆቻቸው ይኖራሉ። ጎንደር ላይ ደግሞ ዘመድ ተከትለው ለመሄድ ዓመታት ሲጠብቁ የኖሩ አሉ። ከቡዳነት ያመለጠ ሰው ሌላ ስም ተሰጠው። በ1996 (እ.ኤ.አ.) ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የለገሱት ደም በድብቅ ሲጣል እንደነበር ተጋለጠና ኢየሩሳሌም ላይ ታላቅ ሰልፍ ወጣ። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ከኢትዮጵያ የመጣ አንድ ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ በካሜራ ታየ። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ሰለሞን ተካ የተባለ ወጣት ከሥራ ሰዓት ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሞተ፤ መንገዶች ተዘጉ፣ ጎማ ነደደ።

በእነዚህ ዓመታት መካከል ነው ስፖርቱ የገባው። ባሩክ ደጎ በልጅነቱ ከኢትዮጵያ ሄዶ በማካቢ ቴል አቪቭ መለያ በ2004 (እ.ኤ.አ.) በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ተሰለፈ፤ ለብሔራዊ ቡድኑም ተጫወተ። ኤሊ ዳሳ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች እስራኤል ውስጥ ተወልዶ የብሔራዊ ቡድኑን የአምበል ክንድ ማሰሪያ አሰረ። ስለ ኳሱ ብዙ አልልም፤ ኳስ ወዳጅም ጠላትም የሚጮህበት ሜዳ ነው። ዓይኔ የሚቀመጠው በሩጫው ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት አየለ ሰጠኝን ላንሳ፤ በውድድር መዝገብ ላይ ሃይሌ ሳታይን ተብለውም ተጽፈዋል። የተወለዱት ጎንደር አጠገብ፣ የቤተ እስራኤሎች ታዋቂ መንደር በነበረችው አምቦበር ነው። በአቴንስ ኦሊምፒክ፣ በ2004 (እ.ኤ.አ.)፣ ከማራቶን መንደር ተነስቶ ዳገት የሚወጣውን ያንን ጨካኝ መንገድ በ49 ዓመታቸው ሮጠው 20ኛ ወጡ። አንቱ ማለት የሚገባበት ዕድሜ ነው፤ ከኋላቸው የቀሩት ብዙዎቹ ልጆቻቸው ሊሆኑ የሚችሉ ነበሩ። ከአራት ዓመት በኋላ ቤጂንግ ላይ በአትሌቲክሱ ከተወዳደሩት ሁሉ በዕድሜ ትልቁ ሆነው ተሰለፉ። በዚያ ዕድሜ ጉልበት አይቀርም፤ የሚቀረው ቁጠባ ነው። እግር ከመሬት ብዙ አይነሳም፣ እጅ በከንቱ አይወዛወዝም፣ ከመሪው ቡድን ጋር እልህ የለም። ማን እንደሚፈነዳ አስቀድሞ ማወቅና ሲፈነዳ በጎኑ ዝም ብሎ ማለፍ ነው። አቴንስ ላይ ያንን ያደረጉት በሙቀት ውስጥ ነው።

ሥራው ተወዶ ሠሪው የሚሸሽበትን ይህን ታሪክ የሚመስል ከባሕር ማዶ አንድ አለ፤ የአውስትራሊያ ጥንታውያን ነዋሪዎች ልጆች። ዳግ ኒኮልስ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በሜልበርን የካርልተን የእግር ኳስ ክለብ ሊገባ ሲሞክር በቆዳው ምክንያት አልተፈለገም፤ ኋላ በፊትዝሮይ ክለብ ተጫወተ፤ ስሙም ገነነ፤ በ1972 ሰር ተባለ፤ በ1976 የደቡብ አውስትራሊያ አገረ ገዢ ሆነ። ካቲ ፍሪማን በ2000 ሲድኒ ላይ የኦሊምፒኩን ችቦ አቀጣጥላ በ400 ሜትር ወርቁን በ49.11 ሰከንድ ወሰደች፤ የአውስትራሊያንና የራሷን ሕዝብ ባንዲራ ይዛ ስትዞር ስታዲየሙ ሁሉ ቆመ። በ2023 ደግሞ ለዚያው ሕዝብ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ የማማከር ድምፅ ለመስጠት በቀረበው ሕዝበ ውሳኔ አብዛኛው አውስትራሊያዊ አይሆንም አለ። ፍሪማንን የወደደው ያው ሕዝብ ነው። ሜዳሊያ ለአሸናፊዋ በር ይከፍታል፤ በሩ ከኋላዋ ለሚመጣው ክፍት ሆኖ ስለመቆየቱ ግን ዋስትና የለም።

ስለዚህ ስፖርትን እንደ ቁልፍ ማየት አልችልም። እንደ ሥራ ነው የማየው። ሥራ ሲሆን ደግሞ በደንብ መታየት አለበት፤ ቡዳ ያሉትን ሰው የበደልነው ከሁሉ በፊት ሥራውን ሳናይ በማለፋችን ነውና። ማረሻው ይታየን ነበር፤ በማረሻው ውስጥ ያለው ፍርድ፣ ልክ፣ ትዕግሥት አልታየንም። ማራቶንን ደግሞ ሜዳሊያውን ብቻ ካየን ያንኑ ስህተት ነው የምንደግመው።

የማሩን ሙያ በሜዳሊያ ብቻ ለሚለካ ሰው የሚከብደው ሳፖሮ ነው። የቶኪዮው ኦሊምፒክ ማራቶን በሙቀት ምክንያት ወደ ሰሜኑ ከተማ ተወስዶ፣ እዚያም ሙቀቱ ሳይቀንስ፣ ነሐሴ 2 ቀን 2013 ዓ.ም. 106 ሰዎች ተነሱ፤ 30ዎቹ አልጨረሱም። ኬንያዊው ኪፕቾጌ አሸነፈ። ማሩ 13ኛ ሆኖ በ2:13:02 ገባ። 13ኛ ሆኖ የገባን ሰው ጋዜጣ በአንድ መስመር ያልፈዋል። ነገር ግን ያ ሰው ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ በሪዮ ኦሊምፒክ ከፊተኞቹ እጅግ ርቆ ጨርሶ ነበር፤ ሙቀቱን እንዴት መቋቋም እንዳለበት የተማረው በእነዚያ አምስት ዓመታት ነው። በ14 ዓመቱ ከሰሜን ኢትዮጵያ ገጠር ወጥቶ፣ አዲስ ቋንቋ ተምሮ፣ ሩጫን እስራኤል ውስጥ ሙያ አድርጎ የያዘ ልጅ ነው። ባለቤቱ ሰላማዊት ተፈሪም በዚያው ኦሊምፒክ ለእስራኤል ሮጣለች። ሙኒክ የመጣው ከሳፖሮ ቀጥሎ ነው።

ከሙኒክ ቀጥሎ ደግሞ ቡዳፔስት። ነሐሴ 21 ቀን 2015 ዓ.ም. የዓለም ሻምፒዮና። መንገዱ ከጀግኖች አደባባይ ተነስቶ ደጋግሞ የሚዞር ነው፤ ጠዋቱ ከረፋዱ በፊት ሞቀ። ማሩ በውድድሩ መካከል ወደቀ። ከወደቀ ሯጭ ላይ ዓይናችሁን አትንቀሉ፤ የሙያው ጥልቀት እዚያች ደቂቃ ውስጥ ነው። የወደቀ ሰው ልቡ እሳት ይሆናል፣ እግሩ ከቡድኑ ጋር ለመድረስ ይፈጥናል። ጉልበቱ የሚበላው ያኔ ነው። ማሩ ተነስቶ የቀረውን መንገድ በቀረው ጉልበት ልክ ቆረጠው። ኡጋንዳዊው ቪክቶር ኪፕላንጋት ከፊት ተነጥሎ በ2:08:53 አሸነፈ። ከእሱ ኋላ የኛው ልዑል ገብረሥላሴ ነበር። መጨረሻው ላይ ልዑል ተዳከመ፤ ማሩ ደርሶበት አለፈውና በ2:09:12 ብሩን ወሰደ፤ ልዑል በ2:09:19 ነሐሱን።

ጎንደር ላይ ያንን ሰባት ሰከንድ በቴሌቪዥን ያየ ሰው ምን ይሰማው? ልዑል የኛ ነው፤ መለያው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው። ማሩ ደግሞ በስሙ፣ በፊቱ፣ በአነጋገሩ ከኛ ውስጥ የወጣ ነው። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ አይመስለኝም። ግድ የሚሆነው ሌላ ነው፦ ዛሬ የልጁን ሩጫ የኛ ብለን ከወሰድነው፣ ያኔ ያባረርነውን አያቱንም የኛ ብለን መውሰድ አለብን። ቡዳ ብሎ ያባረረ ሰው በሜዳሊያ ቀን ወገኔ ቢል አያምርበትም።

ኅዳር 25 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በሙኒክና በቡዳፔስት መካከል፣ ማሩ ጃፓን ፉኩኦካ ላይ ሮጦ ነበር። ባንዲራ የሚታገልበት ሻምፒዮና አይደለም፤ ከ1947 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሮጥ፣ በማራቶን ዓለም ውስጥ የተከበረ፣ ተመልካቹ አሸናፊውንም የመጨረሻውንም የሚያውቅ ውድድር ነው። ሰዓቱ 2:06:43 ሆነ፤ አሸነፈ፤ የእስራኤልንም ክብረ ወሰን አሻሻለ። ሲካፈል በአማካይ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 3 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ የሚተርፈው የሰከንድ ሽራፊ ነው። የፉኩኦካ አሸናፊዎች ዝርዝር ላይ ገዛኸኝ አበራ ሦስት ጊዜ አለ፤ በ1999፣ በ2001፣ በ2002። ጸጋዬ ከበደ በ2008 እና በ2009 አለ፤ ሁለተኛውን በ2:05:18 ሮጦ። ከእነሱ ዝቅ ብሎ፣ በ2022 (እ.ኤ.አ.) ረድፍ ላይ፣ ማሩ ተፈሪ አለ።